ደህና ዓሣ፦ ከሐይቅ እስከ ግራና ሸለቆ የዓሣ ምርጫ ታሪክ

ዓሣ ለሰው ምግብም ሆነ ለእንስሳ መኖ ሲመረጥ ሦስት ጥያቄዎች ይነሣሉ፦ ምን ዓይነት ዓሣ ነው፣ ከየትኛው ውሃ ወጣ፣ በምን ተያዘ። በውጭ አገር እባብ በቤታቸው የሚያኖሩ ሰዎች ዛሬ አብዝተው የሚጨነቁበት ጉዳይም ይኸው ነው። አንዱ ዓሣ እባቡን ለዓመታት በጤና ሲያኖረው፣ ሌላው በጥቂት ወራት ውስጥ አንዘፍዝፎ ይገድለዋል። በወሎ ምሥራቃዊ ተዳፋት፣ ከሐይቅ ከተማ እስከ መርሳና ግራና ባለው ምድር ደግሞ እነዚሁ ጥያቄዎች ለእባብ ሳይሆን ለገበታ ሲባል ለረጅም ዘመን ሲነሡና ሲመለሱ ኖረዋል። መልሶቹ የመጡት ከሃይማኖት ሥርዓት፣ ከብርብራ ፍሬ፣ ከወባ ዘመቻና ሐይቅ ውስጥ ከተለቀቁ የዓሣ ጫጩቶች ነው። በተለያየ ዘመን የተገኙት እነዚህ መልሶች አንድ ላይ ሲታዩ፣ ለእባብ የሚሆን ዓሣ ለመምረጥ ከሚያስፈልገው እውቀት አብዛኛውን ይይዛሉ።

ግራና በሰሜን ወሎ ዞን በሀብሩ ወረዳ ትገኛለች። የወረዳው ዋና ከተማ መርሳ ነች፤ ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው ዋና መንገድ በውርጌሳ፣ በመርሳና በሲሪንቃ በኩል ያልፋል። የአካባቢው ወንዞች ከምዕራቡ ተራራ ተነሥተው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳሉ፤ ባሕር ሳይደርሱም በዚያው ይቀራሉ። ክረምት ላይ ድንጋይ ያንከባልላሉ፤ በጋ ላይ ደግሞ ብዙዎቹ ወደ ቀጭን ጅረት ይመለሳሉ። ትልቅ ዓሣ በእንዲህ ያለ ውሃ አይበረክትም። በኢትዮጵያ ደጋማና ወይና ደጋ ጅረቶች፣ የአዋሽ ተፋሰስ ጅረቶችን ጨምሮ፣ የተለመዱት ሳይንቲስቶች ጋራ የሚሏቸው ትንንሽ ዓሦች ናቸው። ከአገጫቸው ሥር ክብ መለጠፊያ አላቸው፤ በእርሱ ድንጋይ ላይ ተጣብቀው ጎርፉን ያሳልፋሉ። ከእነዚህ ዓሦች ብዙዎቹ ከአንድ ጣት አይረዝሙም፤ ለወጥ የሚበቃ ሥጋም የላቸውም። የኢትዮጵያ ጋራዎች በሳይንስ ገና ተቆጥረው አላለቁም፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ብቻ አበበ ጌታሁንና ሜላኒ ስቲያስኒ አምስት አዳዲስ ዝርያዎችን ከኢትዮጵያ ገልጸዋል።

በአካባቢው ዓሣ ተብሎ ለገበያ የሚበቃው ከሐይቅና ከአርድቦ የሚወጣው ነው። ሁለቱም በደቡብ ወሎ ይገኛሉ። ሐይቅ፣ በሌላ ስሙ ሉጎ፣ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ነው፤ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። መውጫ ወንዝ የለውም። የገባው ውሃ በትነትና በስርገት ብቻ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከዙሪያው ማሳ ታጥቦ የገባ ነገር ሁሉ እዚያው ይከማቻል። አርድቦ ከፍ ብሎ በደጋው በኩል ያለ አነስ ያለ ሐይቅ ነው። ከሐይቅ ከተማ እስከ መርሳ ያለው መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሆን፣ ማለዳ ከመረብ የወጣ ዓሣ ሳይበላሽ ወደ ሀብሩና ወልድያ ሊደርስ ይችላል፤ ቆላው ሳይሞቅ ከተጫነ ማለት ነው።

የመጀመሪያው የምርጫ መለኪያ ቅርፊት ነበር። በሐይቅ ዳር ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን ከአገሪቱ ታላላቅ የትምህርት ማዕከሎች አንዱ ነበር። ቀድሞ በደሴት ላይ የነበረው ገዳም የሐይቁ ውሃ በመጉደሉ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። በዚህ ዙሪያ የሚኖረው ክርስቲያን የኦሪት ዘሌዋውያንን ሕግ ይጠብቃል፤ በ11ኛው ምዕራፍ ክንፍና ቅርፊት ያለው የውሃ እንስሳ ይበላል፣ የሌለው ግን አይበላም። በዚህ ሕግ የተገፋው አምባዛ ነው። አምባዛ ቆዳው ለስላሳ፣ አፉ ሰፊ፣ በአፉ ዙሪያ ረጃጅም ጢም ያለው ዓሣ ነው። ከስንጥቡ በተጨማሪ አየር የሚስብበት አካል ስላለው ከውሃ ወጥቶም ለሰዓታት በሕይወት ይቆያል። የሚያሳዝነው፣ ከድሮ ጀምሮ በሐይቅ የነበረው ትልቅ ዓሣ ይኸው መሆኑ ነው። ቅርፊት ያለው ትልቅ ዓሣ ባልነበረበት ሐይቅ ዳር፣ ሕጉን የሚያከብር ክርስቲያን ከውሃው ብዙም የሚያገኘው አልነበረም። ወሎ ግን ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተጋብቶ፣ ተዛምዶ የሚኖርበት አገር ነው፤ የቅርፊት ሕግ የማያግደው ሙስሊም ጎረቤት አምባዛን መብላት ይችላል። አንዱ የሚተወውን ሌላው ስለሚወስደው ዓሣው ሙሉ በሙሉ ከገበያ አልጠፋም።

የጾምም ነገር አለ። በጾም ወቅት ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው በኦርቶዶክስ ምእመናን ዘንድ ሲያከራክር የኖረ ጉዳይ ነው፤ ብዙዎች ይበላሉ፣ ብዙዎችም ይተዋሉ። ገበያው ግን የበሉትን ተከትሎ ይሄዳል፤ በ55ቱ ቀን የዐቢይ ጾም ወቅት በመላ አገሪቱ የዓሣ ፍላጎት ይጨምራል። በዚህ ጊዜ ሁሉም ቶሎ የሚፈልገው ዓሣ በጥድፊያ ይጠመዳል፤ ከየት እንደመጣና በምን እንደተያዘ የሚጠይቅ ሰው የሚያንሰውም ያኔ ነው።

በምን ተያዘ የሚለው ጥያቄ በኢትዮጵያ ልዩ ክብደት አለው፤ ምክንያቱም አገሪቱ ከመረብና ከመንጠቆ ሌላ ዓሣን በዕፅ የማጥመድ ጥንታዊ ልማድ አላት። ከዕፆቹ ዋናው ብርብራ ነው። ብርብራ በኢትዮጵያ ብቻ የሚበቅል ዛፍ ነው። ፍሬው ደርቆ ይፈጫል፤ ዱቄቱ ውሃው ዝግ በሚልበት፣ በተለይ ዓሣ ሊራባ ወደ ወንዝ በሚገባበት ቦታ ይበተናል። ጥቂት ቆይቶ ዓሣው አየር እንዳጣ ሁሉ ወደ ላይ ይወጣል፤ ይገለበጥና ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ይንሳፈፋል። አጥማጁ በእጁም በቅርጫትም ይለቅመዋል። በጣና ዙሪያ ይህ ልማድ በደንብ ይታወቃል፤ ሊወልዱ የመጡ እናት ዓሦችን ከነእንቁላላቸው ስለሚፈጅ ብዙ ጉዳት እንዳደረሰም ይታመናል።

የብርብራ ፍሬ ሮቴኖን የተባለ ንጥረ ነገር ይዟል። ሮቴኖን በስንጥብ በኩል በቀጥታ ወደ ዓሣው ደም ይገባና ሴሎች በኦክስጅን ተጠቅመው ጉልበት የሚያመነጩበትን ሥራ ይዘጋል። ውሃው ኦክስጅን ሞልቶት ዓሣው ታፍኖ ይሞታል። በሰው ሆድ በኩል ሲገባ ግን በጥቂቱ ብቻ ይዋሃዳል፤ ፀሐይና እሳትም ያፈርሱታል። ለዚህ ነው በብርብራ የተያዘ ዓሣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ፣ ታጥቦና በስሎ ለዘመናት ሰው ሲበላው የኖረው። በዚህ ልማድ ውስጥ ያለው ጥበቃ በሙሉ ቢላዋና እሳት ነው። ዓሣውን ሳይሰነጥቅ፣ ሳያበስል፣ ከነስንጥቡና ከነአንጀቱ የሚውጥ እንስሳ ከሁለቱም አንዱን አያገኝም፤ እባብ የሚመገበውም እንዲሁ ነው። በዕፅ የተያዘ ዓሣ ለሰው ወጥ ሊሆን ይችል ይሆናል፤ ለእባብ ግን መሰጠት የለበትም።

እንዶድም በዚህ ተርታ ይመደባል። የእንዶድ ፍሬ አረፋ ስለሚያወጣ እናቶች ልብስ ያጥቡበታል፤ ያው አረፋ ግን ዓሣንና ቀንድ አውጣን ይገድላል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ልብስ በሚታጠብበት ወንዝ ግርጌ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው፣ እንዶድ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣ ለማጥፋት እንደሚያገለግል አረጋገጡ። ለዚህ ሥራቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ቢልሃርዝያን ለመከላከል የጠቀመው ግኝት ለዓሣ መራጭም ማስጠንቀቂያ ይዟል፤ ከልብስ ማጠቢያ በታች ያለ ኩሬ ጥሩ የዓሣ ምንጭ አይደለም።

የተመረዘ መኖ የበላ እባብ ታሪክ በኢትዮጵያ እጅግ ጥንታዊ ነው። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው፣ ከነገሥታቱ አስቀድሞ አገሩን ይገዛ የነበረው አርዌ የተባለ ዘንዶ ሲሆን ሕዝቡ ፍየልና ልጃገረድ ይገብርለት ነበር። አንገቦ የተባለ ሰው መርዝ ያለበት ፍየል አብልቶ ዘንዶውን ገደለው፤ ከዚያም ነገሠ፤ ንግሥት ሳባም ልጁ ነበረች ይባላል። ይህ ታሪክ በሸራ ላይ በተከታታይ ሥዕሎች ሲሣል ዘንዶው ሲመገብና ሲሞት የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሥዕሎች ላይ ነው። ታሪኩ አፈ ታሪክ ይሁን እንጂ የተመሠረተበት ትዝብት ትክክል ነው፤ እባብ የሚታደነውን እንስሳ አያላምጥም፣ አይገነጥልም፤ በሙሉ ይውጣል። በታዳኙ ሆድ፣ ቆዳና ጉበት ውስጥ ያለ መርዝ ሁሉ አብሮ ይገባበታል።

ሌላው መርዝ በዝግታ የሚሠራ ነው። የሰሜን ወሎ ቆላ የወባ አገር ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትና መንግሥት በኢትዮጵያ የወባ መከላከያ ሙከራ ሲጀምሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ከተመረጡት ጥቂት ቦታዎች አንዱ የቆቦና ጨርጨር ቆላ ነው። ከ1959 ጀምሮ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቁሞ የዲዲቲ ርጭት በሰፊው ቀጠለ፤ ዲዲቲ እስከ 2000ዎቹ መጨረሻ ድረስ በየቤቱ ግድግዳ ይረጭ ነበር። ርጭቱ ብዙ ሕይወት አድኗል፤ ይህ መዘንጋት የለበትም። ዲዲቲ ግን ቶሎ አይፈርስም። ከአፈር ወደ ውሃ፣ ከውሃ ወደ ደቂቅ እንስሳት፣ ከእነርሱ ወደ ዓሣ ስብ ይሸጋገራል፤ በእያንዳንዱ ደረጃም መጠኑ ይጨምራል። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች፣ በዝዋይ፣ በቆቃና በሐዋሳ፣ በተደረጉ ምርመራዎች በዓሣ ሥጋ ውስጥ የዲዲቲ ቅሪት ተገኝቷል። በአጠቃላይ ሌላ ዓሣ የሚያድኑና ስብ ያላቸው ዓሦች፣ አረንጓዴ ደቂቅ ዕፅ ከሚመገቡት ይልቅ የበለጠ ይይዛሉ። የግራና ሸለቆም ዛሬ የመስኖ አገር ነው፤ የቆቦ–ግራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም የከርሰ ምድር ውሃን በጥልቅ ጉድጓድ እያወጣ፣ በጠብታ መስኖም ጭምር አትክልትና ፍራፍሬ እንዲለማ አድርጓል። ፀረ ተባይ የሚረጭበት ማሳ ባለበት ቦታ የመስኖ ቦይ ውስጥ የተገኘን ትንሽ ዓሣ አንሥቶ ለእንስሳ መስጠት አይመከርም፤ ዓሣው በሕይወት መኖሩ ንጹሕ መሆኑን አያረጋግጥም።

በወሎ ዓሣ ታሪክ ትልቁ ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ቆሮሶ፣ በሌላ ስሙ ቲላፒያ፣ በ1978 ገደማ ወደ ሐይቅ ተለቀቀ። ሽብሩ ቴድላና ፍሥሐ ኃይለ መስቀል በኢትዮጵያ ከቦታ ወደ ቦታ የተዛወሩና ከውጭ የገቡ ዓሦችን ታሪክ በ1981 ጽፈው አሳትመዋል፤ የአገሪቱን የዓሣ ዝውውር ለመረዳት ዛሬም መነሻ የሚሆን ጽሑፍ ነው። ቆሮሶ ቅርፊት አለው፤ ሥጋው ነጭ፣ አጥንቱ በቀላሉ የሚለቅ ነው። በአንድ ጊዜ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚበላው ዓሣ ለሐይቁ ተገኘ። አጥማጆች ተደራጁ፣ መረብ ገባ፤ በሐይቅ ከተማ ምግብ ቤቶች ዓሣ ጥብስና ዓሣ ጉላሽ የተለመዱ ሆኑ፤ ቆዳና አጥንቱ የተለየለት ሥጋ በፊሌ መልክ ወደ ደሴና ወልድያ መጫን ጀመረ። ከጊዜ በኋላ የአካባቢው ሰው ዓሣ ሲል በሐሳቡ የሚመጣው ቆሮሶ ሆነ።

ሐይቁ ግን እንደ ቀድሞው አልቀጠለም። ባክስተርና ጎሎቢትሽ በ1970 ባሳተሙት ጥናት ውሃው ጥርት ያለና ደቂቅ ዕፅ ያነሰበት ነበር። ኤልሳቤጥ ከበደ፣ ጌታቸው ተፈራ፣ ዊልያም ቴይለርና ዝናቡ ገብረ ማርያም በ1992 ባወጡት ጥናት ደግሞ ሐይቁ አረንጓዴና ደብዛዛ ሆኖ ተገኘ። ለለውጡ ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ የቆሮሶ መግባት ነው። ከዙሪያው ማሳ የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ ደግሞ ዛሬም እየገባ ነው። ውሃው አረንጓዴ ሲሆን በሌሊት ኦክስጅኑ ይቀንሳል፤ ከጥልቁ ኦክስጅን አልባ ውሃ ወደ ላይ ሲገላበጥም ዓሣ በጅምላ ሊሞት ይችላል። ዳር ላይ ሞቶ የተገኘ ዓሣ ምንም ያህል ትኩስ ቢመስል ለገበታም ለመኖም አይወሰድም።

ከቆሮሶ በኋላ ካርፕ መጣ። ካርፕ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከውጭ ወደ ኢትዮጵያ የገባ ዓሣ ሲሆን፣ በግድቦችና በሐይቆች እየተሰራጨ በሐይቅና በአርድቦም ተገኝቷል። ትልልቅ ቅርፊት አለው፤ በአፉ ጥግ አጫጭር ጢም አለው፤ ጭቃ እየቆፈረ ትላትልና ሥር ይለቅማል። ቅርፊት ስላለው የኦሪት ሕግ አይከለክለውም፤ ሥጋውም ለጥብስ ይሆናል። በወሎ ገበታ ላይ ምንም ችግር የለበትም። ችግሩ የሚመጣው ጥሬውን ለእንስሳ ሲሰጥ ነው፤ ይህም የታወቀው በሌላ አህጉር፣ በቀበሮ እርባታ ነው።

በ1932 በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ቻስቴክ በተባለ ሰው እርባታ ለፀጉራቸው የሚረቡ ቀበሮዎች መታመም ጀመሩ። ምግብ እምቢ አሉ፤ እግራቸው ተሳሰረ፤ ተንዘፍዝፈው ሞቱ። መኖአቸው ውስጥ ጥሬ ዓሣ፣ በተለይ ካርፕ ነበረበት። በሽታው የቻስቴክ ሽባነት ተብሎ ተጠራ። ግሪንና ባልደረቦቹ በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ መጀመሪያ ባደረጉት ምርምር፣ ቀበሮዎቹ የታመሙት ቲያሚን የተባለው ቫይታሚን ቢ1 ስላነሳቸው መሆኑ ታወቀ። ያኔ ቲያሚን አዲስ ግኝት ነበር፤ ያንሰንና ዶናት ንጥሩን ለይተው ያወጡት በ1926 ሲሆን፣ ሮበርት ዊልያምስ በቤተ ሙከራ የሠራው በ1936 ነው። ዓሣው ቫይታሚኑን ከማጣት አልፎ የሚያፈርስ ኢንዛይም እንደያዘም ተደረሰበት። ኢንዛይሙ ቲያሚኔዝ ተባለ።

ቲያሚኔዝ ያለባቸው ዓሦች የሚበዙት በካርፕ ዘመዶች ዘንድ ነው፤ ካርፕ ራሱ፣ በአዲስ አበባ የጌጥ ዓሣ መሸጫዎች የሚታየው ወርቃማ ዓሣ፣ በሰሜን አሜሪካ ለማጥመጃ የሚሸጡ ትንንሽ ዓሦች ሁሉ በዚህ ወገን ይመደባሉ። በዝዋይ የለመደው የካርፕ ዘመድም ከወርቃማ ዓሣ ጋር አንድ ወገን ነው። ከአፋቸው አጠገብ መለጠፊያ ያላቸው የወሎ ጅረት ዓሦች ጋራዎችም የዚሁ ትልቅ ቤተሰብ አባል ስለሆኑ፣ ጥሬያቸውን ዋና መኖ ከማድረግ መቆጠብ ተገቢ ነው። የጣና ነጭ ዓሣዎችም እንዲሁ ናቸው። ቲላፒያ፣ ትራውትና ጉፒ የመሳሰሉት ግን ኢንዛይሙ የሌለባቸው ተብለው በሚታወቁት ውስጥ ናቸው። አምባዛ ከሚመደብበት ሰፊ ወገን የተመረመሩት ዝርያዎች ውጤት እርስ በርሱ ስለሚለያይ በአንዱ ውጤት በሌላው መፍረድ አይቻልም።

ዓሣ የሚበላ እባብ ለወራት ካርፕ ወይም ወርቃማ ዓሣ ብቻ ቢሰጠው መጀመሪያ ችግሩ አይታይም። ከዚያ አንገቱ ወደ አንድ ወገን ይዘነብላል፤ በጀርባው ቢገለበጥ ቶሎ መመለስ ይሳነዋል፤ በውሃ ውስጥ ሲዋኝ እንደ ጠመዝማዛ ይሽከረከራል፤ ጡንቻው ይንቀጠቀጣል፤ በመጨረሻም አካሉ ሁሉ ይንዘፈዘፋል። የነርቭ ሥርዓቱ ሙሉ በሙሉ ከመጎዳቱ በፊት ቲያሚን በመርፌ ቢሰጠው ሊያገግም ይችላል። ይህ በቤት ውስጥ ብቻ የሚሆን አይደለም። በአሜሪካ ፍሎሪዳ በግሪፊን ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ብዙ አዞዎች ሲሞቱ፣ ምርመራው ወደ ቲያሚን እጥረትና በሐይቁ በብዛት ወደነበረ ቲያሚኔዝ ያለበት ዓሣ አመላክቷል። ሐይቁ ራሱ በማዳበሪያ ምክንያት አረንጓዴ ሆኖ የዓሣው ስብጥር የተለወጠበት ነበር። አረንጓዴ የሆነ ሐይቅና የተለወጠ የዓሣ ስብጥር በሐይቅ ዳር ለሚኖር ወሎዬ የራቀ ነገር አይደለም።

በረዶ ቤት ማስገባት ቲያሚኔዝን አያጠፋም። እንዲያውም ዓሣው በበረዶ በቆየ መጠን በውስጡ ያለው ቲያሚን እየቀነሰ ይሄዳል። ኢንዛይሙን የሚያጠፋው ሙቀት ነው፤ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ለ5 ደቂቃ ማቆየት በቂ ነው፤ ነገር ግን ሙቀት ቫይታሚኑን ራሱንም ስለሚቀንስ የበሰለ ዓሣ ለእንስሳ ሲሰጥ ቲያሚን መጨመር ያስፈልጋል። ለሰው ይህ ሁሉ አሳሳቢ ያልሆነው አብስሎ ስለሚበላ፣ ከዓሣውም ጋር እንጀራና ሌላ ምግብ ስላለው ነው። በሐዋሳ አሞራ ገደል ጥሬ ዓሣ በአዋዜ የሚበላው እንኳ ቆሮሶ ስለሆነ ከቲያሚኔዝ ነጻ ነው።

በረዶ የሚጠቅመው ለጥገኛ ትል ነው። በኢትዮጵያ ሐይቆች በቆሮሶና በአምባዛ ውስጥ ኮንትራሲከም የተባለ ትል በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ያደገው ትል የሚኖረው ዓሣ በሚበሉ ወፎች ሆድ ውስጥ ሲሆን፣ በዓሣው ውስጥ የሚታየው እጩ ትሉ ነው፤ በሆድ ዕቃው ዙሪያ ወይም ልቡ አጠገብ ተጠምጥሞ በዓይን ይታያል። ወደ ሌላ ዓሣ በል እንስሳ ሲገባ የጨጓራን ግድግዳ ሊበሳ ይችላል። ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ7 ቀን ሙሉ የቀዘቀዘ ዓሣ ከዚህ ዓይነት ትል ነጻ እንደሆነ ይቆጠራል። የተለመደ የቤት ማቀዝቀዣ ይህን ያህል ላይቀዘቅዝ ስለሚችል ቀኑን ማራዘም ይገባል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ደግሞ የቀን ቆጠራው እንደ አዲስ መጀመሩ የግድ ነው።

የመጠንና የእሾህ ነገርም ከወሎ ዓሦች አኳያ ሲታይ ልዩነት አለው። የቆሮሶ የጀርባ ክንፍ የፊተኛው ክፍል ከ16 እስከ 18 ጠንካራ እሾሆች አሉት። ዓሣው ከራሱ በኩል ሲዋጥ እሾሆቹ ወደ ኋላ ይተኛሉ፤ ከጅራቱ በኩል ሲዋጥ ግን ይቆማሉ። ስለዚህ የሚሰጠው ቆሮሶ ትንሽ፣ ውፍረቱም ከእባቡ መካከለኛ ውፍረት የማይበልጥ መሆን አለበት፤ ከዚያ የሚበልጠው እሾሁ ተቆርጦ ይሰጣል። አምባዛ በደረቱ ክንፍ በሁለቱም ጎን አንድ አንድ እሾህ አለው፤ ሲደነግጥ እሾሁን ዘርግቶ ይቆልፈዋል፣ ሞቶም ይቆለፋል። በእባብ ጉሮሮ ውስጥ የተቆለፈ የአምባዛ እሾህ እንስሳውን ሊገድለው ይችላል። ቅርፊት የሌለው ተብሎ ከገበታ የተገፋው ዓሣ በዚህ ምክንያት ለእባብም አይስማማም፤ ሌላ ዓሣን የሚያድን በመሆኑም የመርዝ ክምችቱ ይበልጣል።

በወልድያ ወይም በደሴ የሚሸጠው ፊሌ ሥጋ ለሰው ምቹ ቢሆንም ለእባብ ብቻውን በቂ አይደለም። አጥንትና ሆድ ዕቃ ስለሌለው ካልሲየምና በጉበት ያለው ቫይታሚን አብሮ ይቀራል፤ በፊሌ ብቻ ያደገ እባብ አጥንቱ ይሳሳል። ሙሉ ትንሽ ቆሮሶ፣ ከንጹሕ ኩሬ የተያዘ፣ በበረዶ ቆይቶ የሟሟ፣ እስካሁን ከተነገሩት ችግሮች አብዛኞቹን ያስቀራል። በአማራ ክልል ለገበሬ ኩሬ በብዛት የሚሰጠው ዓሣም ቆሮሶ ነው፤ በኩሬ ውስጥ ቶሎ ስለሚራባ ትንንሹ ሁልጊዜ ይተርፋል፤ ያ ትርፍ ለገበያ ስለማይመች ለመኖ ቢውል ጉዳት የለውም።

የኢትዮጵያ እባቦች ራሳቸው አብዛኞቹ ዓሣ በል አይደሉም። የቆላው ዘንዶ አጥቢ እንስሳና ወፍ ያድናል፤ ከባሌና ከደቡብ ምዕራብ ደኖች የሚገኘውና በ1977 በሳይንስ የተገለጸው ቢቲስ ፓርቪኦኩላ የተባለው እፉኝት የአይጥ አዳኝ እንደሆነ ይታሰባል። ትንንሽ ዓሣና እንቁራሪት የሚበላው በረግረግ ዳር የሚኖረው ናትሪሲቴረስ ኦሊቫሲያ የተባለው መርዝ የሌለው እባብ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1989 የዱር እንስሳትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረውን የሳይተስ ስምምነት ተቀብላለች፤ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ደግሞ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝንና ማኖርን ይከለክላል። ዓሣን በመርዝና በፈንጂ ማጥመድ በአዋጅ ቁጥር 315/1995 ተከልክሏል፤ ሁለቱም አዋጆች በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጡበትን ዓመት ይዘዋል። በሐይቅና በአርድቦ የመረቡን ዓይን ስፋት ተቆጣጥሮ ትንንሽ ቆሮሶ እንዳይያዝ ማድረግ ተገቢ ሲሆን፣ ለመኖ የሚሆን ትንሽ ዓሣ ከሐይቁ ሳይሆን ከእርባታ ኩሬ መገኘት ያለበትም በዚህ ምክንያት ነው።